የሬዲዮ ማዞሪያ ያለባት ጊታር

የኔ የሺ፣

እንደምነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስሽ አይደርሰኝም፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ያለሁት ሞጣ መናኸሪያ ነው። የብቸና ሚኒባስ ሰው እስኪሞላለት ጎማ ቤቱ ደጃፍ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው ከቤት የወጣሁት። ጊታርሽን በጋቢ ጠቀለልኩ፣ የቀበሌውን ደብዳቤ ደረት ኪሴ ከተትኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ተመልሼ መቆለፉን አየሁ፣ ሄድኩ። ረዳቱ "አባት፣ እቃው ላይ ይጫን" አለኝ። "እቃ አይደለችም" ብዬ የአንድ ሰው ሂሳብ ከፈልኩላትና አጠገቤ አስቀመጥኳት። ደብረ ወርቅን አልፈን ሁለት ሰዓት ላይ ሞጣ ገባን። አዳራሹ በር ላይ ልጃችን ቤዛ ከጨረታው ኮሚቴዎች ጋር ቆማ ትጠብቀኛለች። ጋቢውን ገለጥኩት። ጌትነት አለ አይደል፣ ሠርግ ላይ ካንቺ ጋር ኪቦርድ ይጫወት የነበረው፣ አሁን መላጣ ሆኖ የኮሚቴው ጸሐፊ ነው። ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አያትና ቀና አለ።

"አያሌው ወንድሜ፣ ይቺማ ሙሽራ ናት" አለኝ። "የየሺ ጊታር አሮጊት ነበረች። ይቺ የየሺ አይደለችም።"

ሰው ሁሉ ሰማ። ቤዛ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ጋቢውን መልሼ መጠቅለል ጀመርኩ።

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እንደዛሬ ጠዋት "ምነው አሁን ከጎኔ በሆነች" ያልኩበት ሰዓት የለም። አንቺ ብትኖሪ አንዴ ክሩን ነካ ታደርጊና ነገሩ ያልቅ ነበር።

ከመጀመሪያው ላስረዳሽ። መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ፤ በተራ መናገር እንደምወድ ታውቂያለሽ። አንደኛ፣ የጓዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል፣ አያፈስም። ሁለተኛ፣ በጓሮ ያለው ጌሾሽ አለ፤ እትዬ ደስታ እየመጡ ይቆርጡታል፣ ቁልፍም እሳቸው ጋ ነው። ሦስተኛ፣ እኔ እዚያው መጋዘኔ ነኝ፤ ማዳበሪያ እቀበላለሁ፣ አስረክባለሁ፣ ደሜ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ኪኒኔን እወስዳለሁ። አራተኛውን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። ቤዛ አዋላጅ ነርስ ሆናለች፣ ሞጣ ተመድባ። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ ቤት አለ፤ እሷ ነች የምትይዘው። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ስታልፍ ሰው "እህት ቤዛ" እያለ መንገድ ይለቅላታል። እኔ ያንን አይቼ ዞር ብዬ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ያ ቤት አልጋው አምስት ነው። የሚመጡት ሴቶች አስራ አምስትም ሃያም ይሆናሉ፤ የቀሩት መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው ነው የሚያድሩት። ለእሱ የገቢ ማሰባሰቢያ ሊደረግ ሲታሰብ ቤዛ ደወለችልኝ። "አባዬ፣ የእማዬን ጊታር ለጨረታ ብንሰጠውስ? ሞጣ ውስጥ እማዬ ያልዳረችው ሰው የለም እኮ" አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት አንቺ እሺ እንደምትይ ስለማውቅ ነው። መንገድ እየተዘጋ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተራዘመ፤ ያ ጊዜ ነው ለእኔ መጥፎ የሆነው። የማስብበት ጊዜ አገኘሁ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በመጨረሻው ክረምት፣ አንቺ አልጋ ላይ ሳለሽ፣ "ደጀን የመጋዘን ስብሰባ አለብኝ" ብዬ ሄጄ ነበር። ስብሰባ አልነበረም። ጊታርሽን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ለመድኃኒት ልሸጣት። አንድ የሆቴል ባለቤት ለቤቱ ባንድ ጊታር ይፈልጋል ብለውኝ ነበር። ሰውየው አገላበጣትና አራተኛው የክር መቃኛ ላይ በእጀታ ፋንታ የተሰካችውን የሬዲዮ ማዞሪያ ሲያይ ሳቀ። "ይሄ ምንድነው? የተጠጋገነ እንጨት ነው ያመጣህልኝ" ብሎ የማይረባ ዋጋ ጠራ። የሺ፣ ተናድጄ የወጣሁ መስዬ ወጣሁ እንጂ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ባይንቃት ኖሮ ሸጬያት እመጣ ነበር። ማታ ገብቼ ጊታርሽን ግድግዳው ላይ መልሼ ስሰቅላት አንቺ ተኝተሻል። ግን በመናኸሪያው በትከሻዬ ተሸክሜያት ያየኝ ሰው ነበር። "አያሌው የሚስቱን ጊታር ሸጠው" የሚል ወሬ ከደጀን ተነስቶ ሞጣ ደረሰ። እኔ ግን ይህን እስከዛሬ ጠዋት አላወቅኩም።

የዚያ ሰውዬ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሞጣ ላይ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንድ ሰው እንደዚያ ቢስቅባትስ? "የተጠጋገነ እንጨት" ቢልስ? እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ያሳምራታል ያልኩትን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ጭረቶቹ በብርጭቆ ወረቀት ይታሹ። ቫርኒሽ ትቀባ። ከጣቶችሽ ሥር እንጨቷ የነጣበት ቦታ ይሸፈን። ስድስቱም መቃኛ በአዲስ ይተካ። አናጺው ጥሩ አድርጎ ሠራት፤ መስተዋት መሰለች፣ ፊቴን አየሁባት። ከዚያም፣ ማስረጃ ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። ደብዳቤ ከያዝኩ በኋላ ነው ትንሽ እንቅልፍ የወሰደኝ።

ዛሬ ጠዋት ጌትነት "የየሺ አይደለችም" ሲለኝ ያንን ደብዳቤ መዘዝኩለት። መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። "ንብረትነቱ የሟች ወይዘሮ የሺ የሆነ፣ ብዛቱ አንድ፣ ይዞታው አዲስ የሆነ ጊታር።" ቀና ብሎ አየኝ። "ይዞታው አዲስ! ቀበሌው ራሱ መሰከረብህ እኮ አያሌው።" የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ልጁ ያየውን ነው የጻፈው፤ ምን ያድርግ።

ከዚያ ጌትነት ወደ ጥግ ሳበኝ። ክፋት የለበትም፣ ታውቂዋለሽ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። "ስማኝ፣ እሷ ስትታመም ደጀን ሸጠሃታል ይባላል። ተቸግረህ ነው፣ ማንም አይፈርድብህም። ግን ሌላ ገዝተህ የእሷ ናት አትበለን። አዲስ ጊታር ከሆነማ ባህር ዳር ሱቅ ሞልቷል። ይሄ ሕዝብ ገንዘቡን የሚያወጣው ለእንጨት አይደለም፣ ለየሺ ነው። የሬዲዮ ማዞሪያዋ የት አለች?"

ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ያፈርኩባት ማዞሪያ፣ ሞጣ ሁሉ የሚያውቅሽ በእሷ ነው። በዋጋ ላይ ዋጋ የጨመርኩ መስሎኝ አንቺን ፍቄ አወጣሁሽ። ልጃችን ደግሞ አጠገቤ ቆማለች፤ እኔ አታላይ ከተባልኩ እሷ በዚህ ከተማ እንዴት ትውላለች?

ማዞሪያዋን አልጣልኳትም ነበር። እኔ ዕቃ እጥላለሁ? ወደ እትዬ ደስታ ደወልኩ። "ጓዳ ይግቡ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሁለተኛው የወተት ቆርቆሮ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ አምስት አሮጌ መቃኛ፣ አንድ ባለ ማዞሪያ ይላል" አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁ። "አገኘኋት! አንተ ሰው፣ ጨውህንም እንዲሁ ነው የምትቆጥረው?" አሉኝ። ሮጠው መናኸሪያ ወረዱና ቆርቆሮውን ሦስት ሰዓት ላይ ለሚነሳው የሞጣ ሹፌር ሰጡልኝ። ታርጋውን ጻፍኩ፣ የሹፌሩን ስም ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። በሦስተኛው "አባት፣ እየነዳሁ ነው፣ ቆርቆሮዎ ደህና ነው" ብሎ ዘጋብኝ።

የሺ፣ አንቺ በዚህ ዝርዝር በመጻፌ ስንት ጊዜ ቀልደሽብኛል። "እኔንስ መዝገብህ ላይ የት ቦታ ጽፈኸኛል?" ትይኝ ነበር። ሠርግ በሄድሽ ቁጥር የሙሽሮቹን ስም፣ የሄድሽበትን መኪና፣ የምትመለሺበትን ሰዓት ስጽፍ መዝጋቢ ሹም እያልሽ ትጠሪኝ ነበር። እስክትመለሺ ድረስ ሌላ ምን ላድርግ? እየጻፍኩ ነው የምጠብቅሽ።

የማዞሪያዋም ቀን ተጽፏል። ቤዛ ጡት ላይ ነበረች፤ እኔም እሷን ይዤ ካንቺ ጋር መጥቼ ነበር። ሞጣ ነው፣ ከጋሽ እንድሪስ ጨርቅ ቤት ጀርባ በተጣለው ድንኳን። ሙሽራው ሊገባ ሲል አራተኛው መቃኛ እጅሽ ላይ ተሰበረ፤ እጀታው ወለቀና ብረቱ ብቻ ቀረ። ጌትነት ኪቦርዱን እየመታ ላብ በላብ ሆነ። አንቺ ግን ጊታርሽን እንዳንጠለጠልሽ ወጥተሽ ሱቅ ሱቁን ማየት ጀመርሽ። ጋሽ እንድሪስ ባንኮኒያቸው ላይ ሬዲዮ ከፍተው ይሰማሉ። "ጋሼ፣ ይችን ያውሱኝ፣ ሲመሽ እመልሳለሁ" አልሻቸውና የድምፁን ማዞሪያ ጎትተሽ ነቀልሽው። እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ብረቱ ላይ ስትከቺው ልክክ አለ። እንደዚያ ቀን ተጫውተሽ አታውቂም። ሰውዬው ከሱቃቸው ወጥተው፣ ድምፁ አልቀንስ ያለው ሬዲዮ ከኋላቸው እየጮኸ፣ ድንኳኑ ጥግ ቆመው ሰሙሽ። እኔ ቤዛን ታቅፌ፣ ኩራቴ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ አጠገቤ ላለው ለማላውቀው ሰው "ባለቤቴ ናት" አልኩት። "አንተን ማን ጠየቀህ?" አለኝ።

ሲመሽ አልመለስሽውም። ከዚያ በኋላ ሞጣ በሄድሽ ቁጥር ከሱቃቸው ሆነው "ማዞሪያዬስ?" ይሉሽ ነበር፤ አንቺም "ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች" ትያቸው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ።

አዳራሹ ውስጥ ንግግሩ በዛ። ዕድሜ ለንግግር አድራጊዎች፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቅኳቸው። ፍየል ተጫረተ፣ ጃንጥላ ተጫረተ፣ ጋቢ ተጫረተ። የእኛን አገር ጨረታ ታውቂዋለሽ፤ ያሸነፈው ሰው ይከፍልና ዕቃውን "መልሻለሁ" ብሎ ይሰጣል፣ እንደገና ይሸጣል። ጃንጥላዋ ብቻ አምስት ጊዜ ተሸጠች። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሹፌሩ ቆርቆሮዬን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ለካ ቤዛም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከሹፌሩ ኋላ ክንዳቸውን ደግፋ ጋሽ እንድሪስን ይዛ ገባች። አርጅተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ያ ሬዲዮ በአቡጀዴ ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር ነበር።

አጫራቹ መድረክ ላይ ጠራን። ጌትነት በቢላ ጫፍ አዲሱን አራተኛ መቃኛ ፈታና አሮጌውን ቦታው ላይ አደረገው። ብሎኖቹ በድሮ ቀዳዳቸው ገቡ። ጋሽ እንድሪስ ማዞሪያዋን በጣታቸው ዳሰሷት። "እስቲ ይቺን ሌባ አምጧት" አሉ። ነቅለው ሬዲዮአቸው ላይ ከተቷትና አዞሯት። ሬዲዮው ዜና ማንበብ ጀመረ። "ሃያ ዓመት ሙሉ በፒንሳ ነው የከፈትነው!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጌትነት መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ጉልበቴን ሊይዝ ጎንበስ አለ፤ ትከሻውን ይዤ አነሳሁት። "ይቅር በለኝ፣ ግን ቫርኒሽ የቀባህበትን እጅህን መቁረጥ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው።

ደጀን መሄዴንም እዚያው ማይክ ይዤ ተናገርኩ። ልሸጣት ነበር፣ አልሸጥኳትም አልኩ። ማይኩን ለአጫራቹ መለስኩለት። ማንም ሰው አልሳቀም።

የተጫረቷትን ልንገርሽ፤ ጽፌያቸዋለሁ። መጀመሪያ ያሸነፈችው ያን የማዞሪያዋን ቀን የዳርሻት ሙሽራ ናት። አሁን የአራት ልጆች እናት ናት። "እሷ መቃኛ ፍለጋ ስትወጣ ሙሽራው ቀረ ብዬ ነበር ያለቀስኩት" አለችና ከፍላ መለሰቻት። ቀጥሎ የእህል ነጋዴዎቹ በማኅበር፤ መለሱ። ቀጥሎ ከደጀን የመጣ የመኪና ባለቤት፣ ወደ ሞጣ ሠርግ ስትመጪ በነፃ ያሳፈረሽ ነኝ የሚል፤ መለሰ። ጌትነት ራሱ፤ መለሰ። ስማቸውን የማላውቃቸው ባልና ሚስት፣ ሮብ ገበያ የሚኖሩ፣ መንገድ ያልተመቻቸው፣ በስልክ፤ መለሱ። እያንዳንዱ ሲነሳ ስለ አንቺ አንድ ነገር ተናግሮ ነው የሚቀመጠው። አንዱ፣ የሙሽራው አባት ከሠርጉ በፊት ሞተው ቤተሰቡ ቢቸገር ያለ ክፍያ ተጫውተሽ መሄድሽን ተናገረ። እኔ ያንን አላውቅም ነበር። ደብተሬ ላይ የለም። ዛሬ ጻፍኩት።

በመጨረሻ ያሸነፉት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። "መልሻለሁ" ይላሉ ብሎ ሰው ሲጠብቅ፣ "እኔ አልመልስም" አሉ። ከዘራቸውን ወደ ቤዛ ቀሰሩ። "ማቆያ ቤቱ ትሰቀል። ቀኑ እስኪደርስ የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው፤ ልጅቷ ትጫወትላቸው።" ማዞሪያዋን ከሬዲዮአቸው ነቅለው ጊታርሽ ላይ በእጃቸው መልሰው ከተቷት።

ቤዛ ወዲያው ይዛት ሄደች። ተከተልኳት። ግድግዳው ላይ ምስማር መታሁላት፤ ሦስት ጊዜ ጎትቼ መጥበቁን አረጋገጥኩ። አንዲት ልጅ እግር ነፍሰ ጡር ከሰሌኑ ቀና ብላ "መንካት ይቻላል?" አለች። ቤዛ አወረደችላት። ካንቺ የተማረቻትን አንዷን ዘፈን ብቻ ልጃችን ተጫወተች፤ ጣቷ ይሳሳታል፣ ሁለት ቦታ ቆመች። አጎነባበሷ ግን አንቺን ነው። ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "ልጄ ናት" አልኩ፤ አሁንም ማንም አልጠየቀኝም።

አልጋ ይገዛል። ስንት እንደሚሆን ኮሚቴው ይነግረኛል፣ እጽፈዋለሁ። የቀሩትን አምስት አሮጌ መቃኛዎች ለቤዛ ትቼላታለሁ፤ ጌትነት እሁድ ይመልሳቸዋል። ቫርኒሹ ግን አይለቅም፤ እሱ የእኔ ጥፋት ሆኖ እዚያው ይኖራል። የሠርጎቹን ደብተር በደህና ጽሑፍ ገልብጬ ጊታርሽ ሥር አስቀምጣለሁ፣ የሚጠብቁት ሴቶች ያንብቡት፤ ምናልባት የእናታቸውን ሠርግ ያገኙበት ይሆናል። እኔን የት ጽፈኸኛል ላልሽኝ፣ መልሱ ይኸውልሽ፤ ሁሉም ገጽ ላይ ነሽ። እኔ እስካለሁ የምሰርዘው ስም የለም።

ረዳቱ እየጠራ ነው፣ ሚኒባሱ ሞልቷል። ከመለያየታችን በፊት ጋሽ እንድሪስን የማዞሪያዋን ዋጋ ልክፈል ብዬ ኪሴ ገብቼ ነበር። ከዘራቸውን አነሱብኝ። "ያበደርኩት ለየሺ ነው። ሂሳቤ ከእሷ ጋር ነው፣ አንተ ምን አገባህ?" አሉኝና ሬዲዮአቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ።

የሹፌሩን ከፍያለሁ። የአናጺውን ከፍያለሁ። የጋሽ እንድሪስ ማዞሪያ አልተከፈለም።

አያሌው